ጠባቧ የማዋለጃ ክፍል

ዶክተር ላይስተን ካምባላሜ ከአባታቸው ከአናጢው ጀርማኖ ካምባላሜና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤሌስቲና፣ በማላዊ በዶዋ አውራጃ ተወልደው፣ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ ሕክምናን በባሕር ማዶ ተምረው ተመለሱ። ከወይዘሮ ፋይነስ ጋር ትዳር መሥርተውም ሁለት ወንዶች ልጆች አፈሩ።

በዚያ ዘመን የሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ለማሠራት ተነሥቶ ነበርና፣ ሕዝቡ የሚያስፈልገውን ጠይቀው እንዲያቅዱ ሥራው ለእሳቸው ተሰጠ። ወደ ትውልድ መንደራቸው ወርደው፣ እንደ ሥርዓቱ ለአለቃው አስታውቀው፣ ወንዶቹ በወንበር ሴቶቹ በምንጣፍ ከሾላው ሥር እንደተቀመጡ፣ «ምን በሽታ አስቸገራችሁ?» ብለው ጠየቁ። ምራት በአማቷ ፊት ስለ ወሊድ ትንፍሽ እንደማትል በዚያው ያደጉት ዶክተር አጥተውት አልነበረም፤ ነገር ግን ቸኩለው ነበር። ሴቶቹ መሬት መሬት እያዩ «ወባ ነው»፣ «ሳል ነው» አሉ። አሮጊቷ እማማ ናሲቤኮ ብቻ፣ «ልጄ ዶክተር፣ መጀመሪያ እነዚህን ሽማግሌዎች እሰርልንና ከዚያ ጠይቀን!» ቢሏቸው ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ስቀው፣ ወባና ሳሉን ይዘው ተመለሱ።

ሆስፒታሉ ሲከፈት የወባው ክፍል እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ፣ የማዋለጃው ክፍል ግን እንደ ጓዳ ጠባብ ሆኖ ተገኘ። የእህታቸው ልጅ ታዳላ ምጥ ይዟት አልጋ በማጣቷ በመተላለፊያው ወለል ላይ ስታምጥ፣ ዶክተር ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ደረሱ። የእናት ወንድም ሊያይ የማይገባውን እንዳያዩ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ነጭ ጋዋናቸውን አውልቀው በተማሪዎቹ ፊት እንደ መጋረጃ ዘርግተው፣ ሕፃኗ እስክትወለድ ድረስ ቆሙ። ሊያስታምሙ የመጡት እማማ ናሲቤኮ ከወለሉ ቀና ብለው፣ «ልጄ ዶክተር፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬም አልታሰሩም?» አሏቸው። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

በአገሩ ወግ ስም የሚያወጣው የእናት ወንድም ነበርና ሕፃኗን «ማንያዚ» አሏት፤ ሐፍረት ማለት ነው። ዘመዶች «ለልጅ እንዲህ ያለ ስም ይወጣል?» ብለው ቢቆጡ፣ «ሐፍረቱ የእኔ ነው፤ እንዳልረሳው እየተጠራችልኝ ትደግ» አሉ። ከዚያም አዋላጅ ሴቶችን ይዘው ወደ መንደሩ ተመልሰው፣ እነሱ ከሴቶቹ ጋር ለብቻቸው ሲጫወቱ እሳቸው ሽማግሌዎቹን በአለቃው ግቢ በወሬ ይዘው ዋሉ። የወባው ክፍል እኩሌታም ለወላዶች ሆነ። በስማቸው ይጠራ ቢባል ግን፣ «በእኔ ስም የሚጠራው መተላለፊያው ነው» ብለው እንቢ አሉ።

በኩላሊት ሕመም ሲደክሙ ማንያዚን አስጠርተው፣ «እንግዲህ ስምሽን ቀይሪ፤ በድዬሻለሁ» ቢሏት፣ «ለምጄዋለሁ እኮ፣ አያቴ» አለቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፋይነስን፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን፣ የእህታቸውን ልጅ ታዳላን፣ እንዲሁም ይህን በፊታችሁ ቆማ የምታነበውን ማንያዚን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ቦታ በማይጠብበት ቤቱ ያሳርፍልን፤ ሐፍረታቸውን ግን እዚሁ ትተውት ይሂዱ፤ የምትጠራበት አለችና።