አንገት የመድፋት ነገር

ከቃሊቲ በገላን ኮንዶሚኒየም በኩል የሚያልፈው ታክሲ ሊነሳ ሲል ወይዘሮ አስካለች ከኋላ አንድ ቦታ አገኙና ተቀመጡ። ጠጋ ብላ ቦታ የለቀቀችላቸውን ልጅ ዞር ብለው ሲያዩ ሐጀራ ናት፤ ከብሎካቸው ሥር ሱቅ ያላቸው የጋሽ ኑሪ ልጅ፣ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ወራት የቀሯት።

«እትዬ፣ ደክሞዎታል መሰለኝ። ሥራ በዛ እንዴ?»

«ሥራውንስ ለምጄዋለሁ። ያደከመችኝ ናፍቆት ናት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዝቅ ማድረጉ እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ወይዘሮ አስካለች ሲናገሩ አጠገባቸው ያለ ሰው ራሱ ጆሮውን ማስጠጋት አለበት።

ናፍቆት የሟች እህታቸው ልጅ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ለትምህርት ቤቷ ቲያትር ተዋንያን የሚመረጡት ቅዳሜ ነበር። ናፍቆትም የመንደሩ ውሃ ለምን እንደተቋረጠ ሹሙን ፊት ለፊት የምትጠይቀውን ሴት ሆና ለመወዳደር፣ ሳምንቱን ሙሉ አልጋ ላይ ቆማ ስትለማመድ ሰነበተች። አሳዳጊ ካልፈረመ ግን መወዳደር የለም። የፈቃዱ ወረቀት ወይዘሮ አስካለች ቦርሳ ውስጥ ከገባ ሦስት ቀኑ ነው፤ የሚመለሰው ደግሞ በማግስቱ ጠዋት።

«ታዲያ ለምን አይፈርሙላትም?» አለች ሐጀራ።

«ልጄ፣ እኔ ያሳደግኳት አንገቷን ደፍታ ነው። የጨዋ ልጅ ድምፅ ከቤት አይወጣም። የቲያትሩ መምህር ምን ቢሏት ጥሩ ነው? ‹ሹሙን ዓይን ዓይኑን እያየሽ ተናገሪ።› ነገ እኔንስ ዓይን ዓይኔን እያየች ብትመልስልኝ?»

«በትሕትና እስከሆነ ድረስ ብትመልስ ምን ክፋት አለው? ለተግባር ልምምድ በምሄድበት ጤና ጣቢያ አንዲት እናት መጥተው ነበር። ምን እንደሚያማቸው ስንጠይቃቸው መሬት መሬት እያዩ ‹ደህና ነኝ› ይላሉ። ጡታቸው ላይ እብጠት እንዳለ ለመናገር ስምንት ወር ፈጀባቸው። አክብሮት ሌላ፣ ዝምታ ሌላ ነው እትዬ።»

«አንቺ ደግሞ ተማርኩ ብለሽ ሁሉን ነገር ከበሽታ ጋር ታያይዢዋለሽ።»

ይህን ሲሉ መውረጃቸው ደረሰ። «ወራጅ» አሉ። ሙዚቃው ዋጠው። ደግመው ቢሉም ያው ነው፤ በዚያ ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ አልፈው በእግራቸው ተመልሰዋል።

«ለረዳቱ ንገሪው እንጂ፣ አንቺም እኮ የምትወርጂው እዚሁ ነው» አሏት።

«እኔስ ጨዋ ልጅ ነኝ፤ ድምፄ አይወጣም» አለች ሐጀራ ሳቋን አፍና።

ኮንዶሚኒየሙ ወደ ኋላ ሲቀር ወይዘሮ አስካለች ተናደዱ። ከሆዳቸው የወጣው «ወራጅ አለ» ሹፌሩን ፍሬን አስያዘው።

«እሺ ማዘር፣ ቀደም ብለው ቢናገሩስ?» አለ ረዳቱ።

ሁለቱም ወርደው በእግራቸው ተመለሱ። እግረ መንገዳቸውንም ወይዘሮ አስካለች ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ጉድ አወጡ።

«ፋብሪካችን አዲስ የማሸጊያ ማሽን ሲገባ አለቃው ሰብስቦን ‹ይህን የሚችል ማነው?› አለ። እችል ነበር ሐጀራ። ማሽኑን ከተከሉት ባለሙያዎች ጋር ሁለት ሳምንት ቆሜ እያንዳንዱን ነገር አይቻለሁ። ራስን ማወደስ ነውር መሰለኝና መሬት መሬት አየሁ። ቦታውን እኔው ያስተማርኳት ልጅ ወሰደችው። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ካርቶን አጥፋለሁ። እሷን አልተቀየምኳትም፤ የተቀየምኩት ራሴን ነው።»

«ታዲያ ናፍቆትንም ካርቶን ሊያሳጥፏት ነው?»

ከልጅ አፍ ሲወጣ የሚከብድ ጥያቄ ነው። ወይዘሮ አስካለች ግን አልተቆጡም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ቤት ሲገቡ ናፍቆት ጎረቤት እንዳይሰማ አፏ ላይ ትራስ ይዛ እየተለማመደች ነው። «ትራሱን ጣይው» አሏትና ወረቀቱን አውጥተው ፈረሙ። ልጅቷ ደንግጣ ቆማ ስታያቸው እሳቸው ሦስቱን ፎቅ ወርደው ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ቆሙ።

«በረንዳ ላይ ውጪ። እዚህ ድረስ ካልተሰማኝ እራት የለም።»

ጀመረች። «አልሰማሁም» አሉ። ደገመች። «ሰምቻለሁ፤ ግን ሰውየውን አትለማመጪው። ውሃው የአንቺም ነው።» በየመስኮቱ ጭንቅላት ብቅ ብቅ አለ። ጋሽ ኑሪም ሚዛናቸውን ትተው ወጡና እስኪያልቅ አዳመጡ።

ቅዳሜ የተወዳደሩት አሥራ አራት ልጆች ነበሩ። ናፍቆት መድረኩ ላይ ስትወጣ ዓይኗ እንደ ልማዱ ወለሉን ፈለገ። ከወላጆች መካከል የተቀመጡት ወይዘሮ አስካለች ወደ ፊት ጠጋ አሉ። ልጅቷ ግን ትንፋሿን ሰብስባ ቀና አለች፤ ሹም ሆነው የቆሙትን መምህር ዓይን ዓይናቸውን እያየች ጠየቀቻቸው። መምህሩ ጽሑፋቸውን ረሱ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ቦታውም የናፍቆት ሆነ።

«እስቲ ይህችን ልጅ ያለማመዳት ማነው?» አሉ መምህሩ።

ወይዘሮ አስካለች ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ» አሉ፤ ወደ ወላጆቹም ዞሩ። «ስሙኝማ። እኔ ዝምታን ጨዋነት ነው ብዬ አስተምሬያት ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ልጆቻችን ታላቅን ያክብሩ፤ ያልገባቸውን ግን ይጠይቁ፣ ያመማቸውን ይናገሩ፣ የሚችሉትን እችላለሁ ይበሉ። የሚናገር ልጅ አይታለፍም። እኔ ታልፌ ስለማውቀው ነው የምነግራችሁ።»

አዳራሹ ማይክ አልነበረውም። በሩ ሥር የተቀመጡት ሳይቀሩ ግን እያንዳንዷን ቃል ሰሙ።