በረኪና የሚሸት ጠበል

(ደብረ ብርሃን ዳር፣ ጠዋት፤ አቶ አያልቅበት ጋቢ ደርበው በግቢያቸው ባስቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ የተቆለፈ ክዳን ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤታቸው እትዬ ዘርፌ ጀሪካን ይዘው ፊታቸው ቆመዋል።)

ዘርፌ፦ ቁልፉን አምጣ አልኩህ እኮ፣ አያልቅበት። ልጁ በባዶ ሆዱ ጠበሉን ሳይጠጣ ረፈደ።

አያልቅበት፦ ነገርኩዎት እትዬ ዘርፌ፤ ፓምፑ ከማክሰኞ ጀምሮ ተበላሽቷል።

ዘርፌ፦ ታዲያ ሌሊቱን ሲያጓራ ያደረው ምንድን ነው፣ በሬህ ነው?

አያልቅበት፦ እሱማ... ስሞክረው ነው።

ዘርፌ፦ የሞከርከውን ደግሞ በቦዩ ወደ መንገድ ለቀቅከው። እኔ ደጅ ድረስ መጥቶ ሸተተኝ።

አያልቅበት፦ ምን ሸተተዎት?

ዘርፌ፦ በረኪና።

አያልቅበት፦ ሠራተኛዋ ልብስ አጥባ ይሆናል።

ዘርፌ፦ ሠራተኛህ ለፋሲካ አገሯ እንደሄደች አልተመለሰችም። ውሸትም እኮ ምክር ይፈልጋል።

አያልቅበት፦ ዛሬ ምን ነካዎት? ለጊዜው ከቦኖው ይቅዱ።

ዘርፌ፦ ቦኖው ጠበል ነው? አባ ፍስሐ ጉድጓድህን ሲባርኩት እልል ያልኩት እኔ ነኝ። የአንዷ ጉልበት ተሻላት ተብሎ ሰፈሩ ሲጎርፍ፣ ደረትህን ነፍተህ ያስቀዳኸው ደግሞ አንተ ነህ። አሁን የልጄን ልጅ ተቅማጥ ሲያጣድፈው ነው ቁልፍ የመጣው?

አያልቅበት፦ ልጁ... እስካሁን አልተሻለውም?

ዘርፌ፦ ለምን ትጠይቀኛለህ?

አያልቅበት፦ ጎረቤት አይደለሁም እንዴ?

ዘርፌ፦ ጎረቤትማ ነህ። ግን ከማክሰኞ ወዲህ ከቤትህ ባዶ የላስቲክ ጠርሙስ ሲወጣ አያለሁ። ጠበል ግቢው ውስጥ ያለው ሰው የታሸገ ውሃ ምን ያደርግለታል?

አያልቅበት፦ እንግዳ መጥቶብን ነው።

ዘርፌ፦ በየት በኩል ገባ? በራችን ትይዩ ነው እኮ።

አያልቅበት፦ እትዬ ዘርፌ፣ ነገር አያብዙ።

ዘርፌ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ቆፋሪው "ወደ ላይኛው ጥግ ይሁን፤ እዚህ ሽንት ቤቱ ይቀርባል" ሲልህ በአጥር ሰምቻለሁ። "ላይኛው ጥግ ላይ ሰርቪስ ቤት እሠራበታለሁ" አልከው።

አያልቅበት፦ ያኔ ለምን ዝም አሉ ታዲያ?

ዘርፌ፦ ሲባረክ ጊዜ እግዜር ያጠራዋል ብዬ። አንተስ?

አያልቅበት፦ እኔም እንደዚያው።

ዘርፌ፦ ይሁን። ይኸው ጀሪካኔ ባዶ አይደለም፤ ሰኞ ከዚሁ የቀዳሁት ተርፎኛል። ጣሳም ይዣለሁ። ጠላ እንኳ የሚቀርበው ባለቤቱ ቀምሶ ነው። እንደ ወጉ ቅመስልኝና ለልጁ ልውሰድለት።

አያልቅበት፦ ቁርስ አልበላሁም።

ዘርፌ፦ ጠበል እኮ በባዶ ሆድ ነው።

አያልቅበት፦ ኧረ ይተዉኝ።

ዘርፌ፦ ጠጣ አልኩህ።

አያልቅበት፦ አልጠጣውም! አስመርምሬው ነበር። ላቦራቶሪው ከሽንት ቤት የሚመጣ ጀርም አለበት አለ። በረኪናውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሰው ደጄን እየተሳለመ ሲገባ በምን አፌ ልናገር? አፈርኩ። አጥቤው፣ ውሃውን ቀይሬው፣ ማንም ሳያውቅ እከፍተዋለሁ ብዬ ነው።

ዘርፌ፦ ካፈርኩ አይመልሰኝ አልክ።

አያልቅበት፦ የቆለፍኩት እኮ ለልጁም አስቤ ነው፤ ከእንግዲህ እንዳይጠጣው።

ዘርፌ፦ ቤቴ ያለውን ጀሪካንስ በምን ቆለፍከው? እስከ ትናንት ማታ ከዚሁ ጀሪካን እየቀዳሁ በእጄ አጠጥቼዋለሁ። ሲብስበት ጊዜ ጨመርኩለት።

አያልቅበት፦ የድንግል ያለህ... አሁን የት ነው?

ዘርፌ፦ ክሊኒክ። ጎህ ሲቀድ አስገባነው፤ ግሉኮስ ተሰክቶለት እናቱ አጠገቡ ናት።

አያልቅበት፦ እና ጠበል ልቅዳ ብለው የመጡት...

ዘርፌ፦ ሐኪሙ "ምን ሲጠጣ ነበር?" ቢለኝ "ጠበል" አልኩት። ተነስ ጫማህን አድርግ፤ ምን እንደነበር አንተ ትነግረዋለህ።