አሰፋች ያነበበችልኝ ወረቀት

ወይዘሮ አሰፋች፣ ዛሬ በጡረታ መሸኛሽ የክብር ወንበር ላይ ተቀምጠሻል፤ መጀመሪያ የመጣሽ ቀን ግን ከበር ውጭ ያቆምኩሽ እኔ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነው። ዝናብ እያካፋ፣ የቅጥር ደብዳቤሽን በላስቲክ ጠቅልለሽ መጣሽ። ያኔም የዚህ ቡና ማዘጋጃ ዘበኛ ነበርኩ። ደብዳቤውን ትክ ብዬ አየሁና «ማኅተም የለውም፤ ሥራ አስኪያጁ እስኪመጣ ጠብቂ» አልኩሽ። እስከ ስድስት ሰዓት ቆምሽ። ማኅተሙ ለካ ሁለተኛው ገጽ ላይ ኖሯል። ስትገቢ ቀስ ብለሽ «ጋሼ፣ ዝናቡም ማኅተም የለውም፤ እሱን ግን አስገብተኸዋል» አልሽኝ።

እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቋታላችሁ። የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትውለው። ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ ከሥራ አስኪያጁም ቢመጣ ትመልሳለች። ሚዛን ላይ የሚሠራው ነዚፍ የራሱን ፋይል ልይ ቢላት «አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?» አለችው፤ ሃያ ዓመት አብረው ምሳ በልተዋል። ግልባጭ ስታወጣ ደግሞ ብቻዋን አታመሳክርም። እሷ ታነባለች፣ ሌላ ሰው ዋናውን ይይዛል። ሰው ካጣች ሾፌሩን ከመኪናው አስወርዳ ታስቀምጠዋለች።

አሁን ስለ እግሬ ላውራችሁ፤ ነገሬ ያለው እዚያ ነው።

የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ዓመታት አመመኝ። ብርድ ነው እያልኩ ቅቤ አሸሁት፣ በጨው ውሃ ዘፈዘፍኩት። ጣቱ እንዳይታጠፍብኝ በእግሬ ጎን መርገጥ ለመድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አሰፋች ግን ጫማዬ በውጭ በኩል ብቻ ማለቁን አይታ ሐኪም ዘንድ ሂድ ትለኝ ጀመር። አራት ዓመት እምቢ አልኳት።

በመጨረሻ ሐዋሳ ሄድኩ። ሐኪሙ ራጁን አሳየኝ፤ በመገጣጠሚያው መካከል ያለው ልስልስ ነገር አልቆ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። ያለቀውን ጠርገን ሁለቱን አጥንቶች በብረትና በብሎን እናያይዛቸዋለን፣ አንድ ላይ ይገጥማሉ፣ ጣቱ ከዚያ ወዲያ አይታጠፍም፣ ሕመሙ ግን ይተውሃል አለኝ። ነዚፍ ይህን ሲሰማ «ጋሽ ታረቀኝ ድሮም የማይታጠፍ ሰው ነው፤ ጣቱ ብቻ ነበር የቀረው» አለ። ይሳቅ፣ አልዋሸም።

ከሆስፒታል ስወጣ ወረቀት ሰጡኝ። ባለቤቴ ፍቅርአዲስ በሕይወት ሳለች ወረቀት የምታነብልኝ እሷ ነበረች፤ ከእሷ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሷ ካረፈች ወዲህ ወረቀት ሲመጣልኝ አየት አድርጌ አጥፌ አስቀምጣለሁ። ሐኪሙ ሲነግረኝም ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ ግማሹ አልገባኝም። የሰጡኝ ጫማ እንደ ጣውላ የደረቀ ነበር፤ አፍሬበት አልጋ ሥር ከተትኩት። በሁለት ሳምንቴ በፋሻው ላይ ሰፊ ሸራ ጫማ አጥልቄ የማዘጋጃው በር ላይ ቆምኩ።

አሰፋች ከሆስፒታል የተሰጠኝን ወረቀት ለሕመም ፈቃዴ ፋይል ልትወስድ መጣች። ወረቀቱን አነበበች፣ እግሬን አየች፣ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። እረፍ ይላል፣ አርፌአለሁ አልኳት። ያኔ አንድ ቃል ብትጨምር ዱላዬን አንስቼ ቤቴ እገባ ነበር፤ ዳግመኛም አላናግራትም ነበር። እሷ መዝገብ ቤት ወስዳ ወንበር ሰጠችኝ። ግልባጩን በእጇ ጻፈችና ዋናውን አስያዘችኝ። ዘቅዝቄ ይዤው ይሆናል፤ አልነገረችኝም። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበች።

«ለስድስት ሳምንት በተረከዝ ብቻ ይረገጣል። ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አልኩ።

«ከታዘዘው ጫማ ሌላ አይደረግም። ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«ይህ ካልተጠበቀ አጥንቱ ላይገጥም፣ ብሎኑም ሊላቀቅ ይችላል። ልክ ነው?»

እዚህ ላይ ሸራ ጫማዬን ወደ ወንበሩ ሥር ሳብኩት። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ዓይኗን ወረቀቷ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። «ልክ ነው» አልኳት። ወጥታ ባጃጅ ጠራችልኝ።

ስድስቱን ሳምንት በተረከዜ ሄድኩ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ ገጥሟል አለኝ። ይኸው አሁን ከበሩ እስከ መጋዘኑ ሳላነክስ እመላለሳለሁ።

አሰፋች፣ ሦስት ዓመት አላመሰገንኩሽም። ላመስግንሽ ካልኩ አለማንበቤን ማመን ነበረብኝ፤ ያን ከማምን ጣቴ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር። አንቺም አንድ ቀን አላነሳሽብኝም። የሰው ጉድለት አይቶ ዝም የሚል ሰው አውቃለሁ። ዝም ብሎ የሚረዳ ግን ከባለቤቴ ሌላ ያየሁት አንቺን ነው። ነገ መዝገብ ቤቱን ሌላ ሰው ይከፍተዋል። ሳልነግርሽ ከሄድሽ ውለታሽን ይዤው ልቀበር ነው። ስለዚህ በሰው ፊት እናገራለሁ፤ ያን ቀን ማንበብ አልችልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፊደል ቆጥሬአለሁ። ይህን የማነበውን ወረቀት የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ አንድ ወር ፈጀብኝ። የጽሕፈት ክፍሉ ሳምሶን በኮምፒውተር ልጻፍልህ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ስሕተት ሞልቶታል፣ ለፋይል አይሆንም። ቤትሽ ውሰጂው።

በሉ፣ ቢራም የያዘ ለስላሳም የያዘ ብርጭቆውን ያንሳ። አሰፋች፣ ዓይንሽ አይድከም፣ ጉልበትሽ አይዛል፣ የልጅ ልጆችሽን ስመሽ አትጥገቢ። የሠላሳ ሁለት ዓመት ድካምሽን እግዜር በጤና ይክፈልሽ።

አመሰግናለሁ። ይህች ቃል ለመጻፍ ቀላል ነበረች፤ በአፌ ለማውጣት ነው የከበደችኝ። አመሰግናለሁ፣ አሰፋች።