ጨረር የማያሳልፈው ብርድ ልብስ

ጎረቤቴ ሐጂ ከማል ሰፈራችን የኔትወርክ ታወር ከተተከለ ወዲህ ሰላም የላቸውም። በቀደም ሰላም ልላቸው ብገባ፣ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ የፕላስቲክ ብርድ ልብስ እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ሶፋው ላይ ተጋድመዋል። «ምን ሆነው ነው ሐጂ?» አልኳቸው። «ይሄ ጨረር የሚባል ነገር አያሳልፍም። ደዶ ወረዳ ያለችው ልጄ ምጥ ይዟታል፣ ስልክ እየጠበቅሁ ነው» አሉኝ። ስልካቸውንም አብረው ሸፍነውታል።

ታዲያ ጥሪው በየት ይገባል ልላቸው አፌን ስከፍት፣ ስልኩ ብርድ ልብሱ ውስጥ ጮኸ። ሳይገለጡ እዚያው አነሱት። «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ሰማሁ፤ ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ብቅ ሲሉ ጺማቸው በእንባ ርሷል። «አያት አደረገችኝ» አሉኝ። እንኳን ደስ አለዎት ብዬ ስሜያቸው፣ አላስችል ስላለኝ «ግን ሐጂ፣ ጥሪው እንዴት ገባ?» አልኩ። ብርድ ልብሱን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ኦሪጅናሉን ነው የሸጡልኝ፤ ደግ ወሬ ለይቶ ያሳልፋል» አሉኝ።