ቀጥታ ወደ አክሱም

(በአንድ የበረራ ማሠልጠኛ፣ ከወለሉ ንቅንቅ በማይል የትንሽ አውሮፕላን ሲሙሌተር ውስጥ፤ አስተማሪው ካፒቴን መርሻ እና ነገ ወደ እውነተኛው አውሮፕላን ለመሸጋገር ዛሬ ማለፍ ያለባት ሠልጣኝ እማዋይሽ ከጎንደር ወደ አክሱም "እየበረሩ" ነው። አዲስ የመጣው ጂፒኤስ መሀላቸው ተገጥሟል።)

መርሻ፦ ካርታውን እጠፊው አልኩሽ። ይህን የመሰለ ዕቃ እያለ ወረቀት መግለጥ ሳተላይቶቹን መናቅ ነው።

እማዋይሽ፦ አጥፌዋለሁ። ሳተላይቶቹን ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

መርሻ፦ በይ አክሱምን አስገቢለት።

እማዋይሽ፦ ለአንድ ፊደል ቁልፉን ይህን ሁሉ ካዞርኩት፣ ስሙን ጽፌ ሳልጨርስ በእግራችን እንደርሳለን።

መርሻ፦ እስቲ ወዲያ በይ፣ እኔ ልንካው። ይኸው፣ "ቀጥታ" የሚለውን መጫን ነው፤ አለቀ። መስመሩን ያዢ።

እማዋይሽ፦ በጣም ቀጥታ ነው።

መርሻ፦ ቅሬታ አለሽ?

እማዋይሽ፦ ኧረ እኔ ማን ነኝ?

መርሻ፦ ከፍታ?

እማዋይሽ፦ ዐሥር ሺህ ጫማ። እርስዎ ባዘዙት።

መርሻ፦ መሣሪያው ምን ይላል?

እማዋይሽ፦ ከመስመሩ ስንዝር አልወጣንም ይላል። ደስ ብሎታል።

መርሻ፦ አንቺስ?

እማዋይሽ፦ እሱ ደስ ካለው እኔ ምን ቸገረኝ።

መርሻ፦ ያ ፊት ለፊት የጠቆረው ደመና ነው?

እማዋይሽ፦ ካፒቴን ደመና ነው ካሉ ደመና ነው።

መርሻ፦ እንኳን ደስ አለሽ። የሰሜን ተራራ ላይ ተለጠፍን፤ ስክሪኑም ቀላ።

እማዋይሽ፦ ከመስመሩ ግን አልወጣንም።

መርሻ፦ ተራራው እንዳለ ታውቂ ነበር?

እማዋይሽ፦ "ቀጥታ"ን ሲጫኑት ነው የታየኝ። ዕቃው እንደሆነ አቅጣጫ እንጂ ተራራ አያውቅም።

መርሻ፦ ታዲያ አፍሽን ምን ለጎመው?

እማዋይሽ፦ እርስዎን ምን ብዬ ላርም? እኛ ቤት አባቴ መንገድ ሲሳሳት፣ ራሱ እስኪገባው ድረስ ሁላችንም ዝም ብለን አብረን እንጠፋለን።

መርሻ፦ የተባረከ ቤተሰብ። እኔም በጨዋነትሽ ሞቼልሻለሁ። እውነተኛው አውሮፕላን ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ድንኳን እየተተከለልን ነበር።

እማዋይሽ፦ ነገ አልበርም ማለት ነው?

መርሻ፦ አንድ ዕድል አለሽ። ከጎንደር እንደገና ተነሺ። ይህችን ካበላሸሽ የነገውን እርሺው።

እማዋይሽ፦ እሺ። ተነሥተናል።

መርሻ፦ ጎበዝ። አሁንም "ቀጥታ"ን ልጫንልሽ፤ እንደ ቅድሙ አንገትሽን ደፍተሽ ተከተይ።

እማዋይሽ፦ ካፒቴን።

መርሻ፦ አቤት? ደመና ነው ልትዪኝ ነው?

እማዋይሽ፦ እጅዎን ከመሣሪያው ላይ ያንሱ። የማበርረው እኔ ነኝ።