ጀፋር ያመጣት የመጨረሻዋ ኤሊ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን ሽኝት ያሰናዳችሁልኝን ሁሉ፣ በተለይም አለቃችንን ዶክተር ሄኖክን፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። በእንግሊዝኛ የተሸኘሁት ቢሮ ውስጥ በኬክ ነው። ዛሬ እዚህ ሙሽሪፍ መናፈሻ የተሰበሰብነው ግን እኛው የአገር ልጆች ነን፤ በአማርኛ ማልቀስም ይቻላል።

ስለ እኔ ብዙ ተባለ። እኔ የባሕር ኤሊ ማከሚያው ውስጥ ነርስ ነበርኩ፤ ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር። ለጀፋር ግን ማን ከፈለው?

አዲስ የገባችሁ አታውቁትም። የከሚሴ ልጅ ነው፤ አል ዋሕዳ አካባቢ የአንድ ዓረብ ቤተሰብ ሹፌር ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ፣ በብርዱ ወራት ማዕበል የሚተፋቸውን ኤሊዎች በእረፍት ቀኑ ከባሕር ዳርቻ እያነሳ፣ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ያመጣልን ነበር። በማን መኪና? በአሠሪው በማዳም መኪና!

አንድ ቀን ማዳም፣ «ጀፋር፣ መኪናው ዓሣ ዓሣ ይሸታል» አለችው።

«ዓሣ አይደለም ማዳም፣ ኤሊ ናት።»

ኸላስ፣ አለቀለት፣ ተባረረ ብለን ስንጠብቅ፣ በሳምንቱ ማዳም ያረጁ ፎጣዎች በከረጢት ሞልታ ላከችልን።

ባለፈው ጥር የመጨረሻዋን ኤሊ አመጣ። ትንሽዬ ናት፤ ፕላስቲክ ውጣለች። የእሱም ፊት ቢጫ ሆኗል።

«አንተ ራስህ ሐኪም ቤት ሂድ እንጂ!» ብዬ ተቆጣሁ።

«መጀመሪያ እሷን እዪልኝ።»

ጉበቱ ነበር። በወሩ ማዳም ቲኬት ቆርጣ፣ እያለቀሰች ወደ አገሩ ሸኘችው።

ከደሴ ሆስፒታል በየጠዋቱ ድምፅ ይልክልኝ ነበር፤ «ሂሩትዬ፣ ልጅቷ በላች?» በላች እለዋለሁ፤ እውነትም ትበላ ነበር። በኋላ ኤሊዋ ምግቡን ተወችው። እጄን ጀርባዋ ላይ እንዳደረግሁ ሞተች።

«አትንገሪው» አላችሁኝ። አዝናችሁለት እንጂ ለክፋት አልነበረም። ሲደውል ግን፣ ያንን ሰው እንዴት ብዬ ልዋሸው?

«ጀፋር፣ አልተረፈችም» አልኩት።

«ብቻዋን ነበረች እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ እኔ አጠገቧ ነበርኩ።»

«አልሐምዱሊላህ። አላህ ያክብርሽ፣ እህቴ።»

ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም። ብዙም ሳይቆይ ታናሽ እህቱ ደውላ ማረፉን ነገረችኝ። እሱ ስለ ኤሊዋ የጠየቀኝን ልጠይቃት ስል፣ እሷው፣ «ሁላችንም አልጋው አጠገብ ነበርን» አለችኝ።

ስሙን ሰሌዳ ላይ እንጻፍለት ያላችሁ አላችሁ። ጥሩ ነው፣ ይጻፍ። ግን ብርዱ ሲመጣ ዳርቻውን ማን ይዞራል? ባልደረባችን ሲሳይ «እኔ አለሁ» ብሏል። አንድ ሰው አይበቃም፤ እባካችሁ አብራችሁት ውጡ። እኔ አገር ቤት እንደገባሁ ከሚሴ ሄጄ እናቱን አያለሁ። ልጃቸው እዚህ እንዴት ይወደድ እንደነበር ከሰው አፍ ይስሙ።

ፈጣሪ የጀፋርን ነፍስ በገነት ያኑርልን። እናንተንም በሰው አገር ከመታመም ይጠብቃችሁ፤ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ ለአገራችሁ በጤና ያብቃችሁ። ደክማችሁ በወደቃችሁበት ቀን የሚያነሳ እጅ አያሳጣችሁ።

ደህና ሁኑልኝ።