ማዳበሪያ የጫነችው መርከብ

— ሄሎ… ሄሎ፣ የኔታ! ቅድም ጆሮዬ ላይ ዘጉብኝ እኮ!… አልደበቅነውም አልኩዎ! ማዳበሪያው ገብቷል ያለዎ ማን ነው?… አበራሽ? እርስዎ የድጓ መምህር ሆነው የአበራሽን ወሬ ያምናሉ?… የገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን ቁልፍ እኮ በእኔ በወንድምዎ ልጅ እጅ ነው። ባዶ ነው! አይጡ እንኳ ለቆ ሄዷል።

— ባሕር ላይ ነው። መርከቧን በስልኬ እያየኋት ነው።… ፎቶ አይደለም፣ ካርታ ነው። ከጅቡቲ አጠገብ እንደ ቀስት ሆና ትታያለች።… ይሳቁ፣ ከቁጣው ይሻላል።

— ትልቅነቷ?… ቆይ… ርዝመቷ መቶ ዘጠና ሜትር። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ከዳር እስከ ዳር ታልፈዋለች።… ሆዷ አምስት ቦታ ተከፍሏል፣ እንደ ጎተራ ይበሉት። ማዳበሪያው ያለ ጆንያ ነው የሚገለበጥባት። ጆንያ ውስጥ የሚገባው ወደብ ላይ ነው።… አምስት መቶ ሺህ ኩንታል ትይዛለች ይላል።… እኔንም ገርሞኛል!

— ደምሌ፣ ተቀመጥ፣ የኔታ ላቀው ናቸው።… ሾፌራችን ነው፣ የኔታ። ሰላም ይሉሃል፣ ደምሌ።

— እንዴት አትሰምጥም?… እስኪ… ውኃ ውስጥ የገባው ስድስት ሜትር ነው። ስትሞላ አሥራ ሁለት ይላል።… አዎ፣ አሁን ስድስት።… ምን አሉኝ?… ቆይ። ይቆዩ፣ የኔታ።

— …ባዶ ናት።

— አፍንጫዋም ወደ ጅቡቲ አይደለም። ጀርባዋን ነው የሰጠችን። ወደቡ አጠገብ ሳያት መምጣቷ መስሎኝ!… አትሳቅ፣ ደምሌ! ስንቱን ገበሬ «እየመጣች ነው» ብዬ ሸኝቻለሁ።… አዎ፣ አራግፋ ነው የምትመለሰው። አበራሽም ገብቷል ያለችው ወደብ መግባቱን ሰምታ ይሆናል። እኛ ጋ ግን አልገባም።

— አሁን የት እንዳለ እንጃ። ወደብ ይሁን፣ መኪና ላይ ይሁን… አይ፣ ይሄ የሚያሳየው መርከብ ነው። ደብረ ታቦር የቆመ መኪና አያሳይም።

— የበሬ መቀናጆው ተራዎ ዛሬ ነው?… ነገ ሁለቱም በሬዎች ጎረቤትዎ ክንዱ ጋ ናቸው? ወይ ጉድ።… አውቃለሁ፣ ያ መሬት ያለ ማዳበሪያ ስንዴ አያበቅልም።… እኔ ልወስን? በእርስዎ ማሳ?… እሺ። እውነቱን ከፈለጉ ባቄላውን ይዝሩ።… አይመጣም አላልኩም። ይመጣል ብዬ ግን ሁለተኛ አልምልም።… ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ።

— መርከቧ? አሁንም እሷን?… ቆይ፣ ወዴት እንደምትሄድ ላንብብልዎ። አንዴ ይያዙኝ፣ ጽሑፉ ደቃቅ ነው።… ምንድን ነው የሚጮኸው፣ ጅራፍ ነው? ማረስ ጀመሩ እንዴ?… አገኘሁት፣ ሕንድ ነው የምትሄደው። የራሷ ክሬንም አላት፣ አራት! ጭነቱን ራሷ ከሆዷ እየዛቀች ነው የምታወርደው። የተሠራችበት ዓመት ደግሞ…

— ሄሎ? የኔታ?… ሄሎ?